የፈረንጅ ጌሾ ዊንተርን ይችላል? የአራት በርሜል ታሪክ ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ኤፕሪል 2019 መጨረሻ ላይ ነው። የበረንዳዬን በርሜል ገልብጬ አፈሩን ላስቲክ ላይ ዘረገፍኩት። የበሰበሰ ድንች ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሥሩን ያዝ ሳደርገው ቅርፊቱ እንደ ረጠበ ወረቀት ተላጠና ጣቴ ላይ ቀረ። ውስጡ ቡናማ ነው፤ ልፍስፍስ ብሏል። ከዚያ አሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ጋራዥ ውስጥ የከረመው፣ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ወንድሙ ስንዝር የሚያህል ቡቃያ አብቅሎ ቆሟል።

ሁለቱም ሆፕስ ናቸው። ያው አፈር፣ ያው በርሜል፣ ያው ዊንተር። አንዱ ሞተ፣ ሌላው ምንም አልሆነም።

ሆፕስን ለማታውቁት፦ ቢራን መራራ የሚያደርገው ተክል ነው። ሐረግ ነው። የሚወጣበት ገመድ ካገኘ በአንድ ሰመር አምስትና ስድስት ሜትር ይሄዳል። የሚፈለገው የሴቴው አበባ ነው፤ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ፣ አውራ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ነገር። ፈልቀቅ ሲያደርጉት ቢጫ ዱቄት አለው። ምሬቱም ሽታውም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ በቪዲዮ ሳሳያት "ይኼማ የፈረንጅ ጌሾ ነው በለኛ" አለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ ይኸው ሆነ። በሥራው ከሄድን ልክ ነች። በዘር ግን ሆፕስና ጌሾ የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም፤ የሆፕስ የቅርብ ዘመድ ካናቢስ ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

በርሜል ውስጥ የተከልኩት ወድጄ አይደለም። የተከራየሁት ቤት ጓሮ አለው፣ ግን አከራዩ መሬት መቆፈር አይፈቅድም። ውሉ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ በሜይ 2018 አራት የፕላስቲክ በርሜል ገዛሁ፤ እያንዳንዱ 75 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከሥራቸው ቀዳዳ አበጀሁ። አፈርና ኮምፖስት ሞላሁባቸው። ዘሩ ካስኬድ የሚባለው ነው፤ ኦሪገን ውስጥ ተዳቅሎ በ1972 የወጣ፣ ለጀማሪ የማያስቸግር። የሚሸጠው ፍሬ አይደለም፤ እንደ ዝንጅብል ያለ ቁራጭ የምድር ውስጥ ግንድ ነው። ዝንጅብሉን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሰመሩ ጥሩ ሄደ። ሐረጉ ገመዱን የሚጠመጥመው ሁልጊዜ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። አንዱን ለማገዝ ብዬ በግራ ብጠመጥመው በማግሥቱ ራሱን ፈትቶ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ግትር ተክል አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው አበባ አንድ ሳህን አይሞላም። የሚጠበቅ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት የሥር ዓመት ነው።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ኦክቶበር ላይ ሁሉም ደርቆ እንደ ገለባ ተንኮሻኮሸ። ብዙ ሰው "ሞተ" ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። አልሞተም። ሆፕስ ከመሬት በላይ ያለውን በየዓመቱ ራሱ ይተወዋል። ስንቁን ወደ ታች አውርዶ፣ ዝንጅብሉ ውስጥ አስቀምጦ ይተኛል። እኔም ደረቁን ሐረግ አንድ ስንዝር አስቀርቼ ቆረጥኩት።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። እነዚህን በርሜሎች ምን ላድርጋቸው?

የጠየቅኳቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ "ሆፕስ እኮ ሚኒሶታ ውስጥ በየወንዙ ዳር ጫካ ሆኖ ይበቅላል፣ ምን ያስጨንቅሃል?" አለኝ። እውነት ነው፣ የሰሜን አሜሪካ የራሷ የዱር ሆፕስ አላት። ሌላው ግማሽ "በዕቃ ያለ ተክል አንድ ዊንተር አያድርም" አለኝ። ይህም እውነት ነው። ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ሰው ግራ ይጋባል። የተለያየ ነገር እያወሩ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንደኛው ወገን ስለ ተክሉ ያወራል። ሌላው ስለ ዕቃው።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አገሩን በዓመቱ ዝቅተኛ ብርድ ከፋፍሎ ካርታ አውጥቷል። በ2012ቱ ካርታ ሴንት ፖል 4ቢ ላይ ነበረች። ይህም በአማካይ የዓመቱ መጥፎ ሌሊት ከዜሮ በታች 29 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል ማለት ነው። መሬት ውስጥ የተተከለ ሆፕስ ይህን ይችላል። የሚችለው ግን 30 ዲግሪውን አይደለም፤ ሥሩ ያን ብርድ አያየውም። መሬት ከታች ሙቀት አላት፣ ከላይ በረዶው ይሸፍናታል። ብርዱ የሚገባው ከአንድ በኩል፣ ከላይ ብቻ ነው፤ ያውም ቀስ እያለ። በርሜል ግን ዙሪያውን የተገለጠ ነው። አየሩ የሆነውን አፈሩም አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይሆናል። አትክልተኞች በዕቃ ያለን ተክል በካርታው ላይ ሁለት እርከን ወደ ብርዱ ቆጥረህ አስበው የሚሉት ለዚህ ነው። በዚያ ስሌት የእኔ በርሜሎች ሴንት ፖል አልነበሩም፤ ካናዳ ጫፍ ነበሩ።

አራቱን አራት ቦታ አስቀመጥኳቸው። ለምርምር ብዬ ነበር ብል ውሸት ነው። ጋራዡ ውስጥ ከመኪናው የተረፈው ቦታ አንድ በርሜል ብቻ ይይዛል። አንደኛው እዚያ ገባ። ጋራዡ ማሞቂያ የለውም፣ ግን በአንድ ጎኑ ከቤቱ ጋር ይገናኛል። ሁለተኛውን በምሥራቅ በኩል ካለው ግድግዳ አስጠግቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ከረጢት ደረቅ ቅጠል ደገፍኩበት፣ ከላይም ቅጠል ጎዘጎዝኩለት። ሦስተኛውን አንድ ጋሼ የምላቸው የሠፈራችን ሰው ወሰዱልኝ። የራሳቸው ቤትና ጓሮ አላቸው። "አምጣው እንጂ፣ ከነዕቃው እንቀብረዋለን። ጎመኔም ተነቅሏል፣ ቦታው ባዶ ነው" አሉኝ። እስከ ከንፈሩ ቀበርነው።

አራተኛው በእንጨት በረንዳው ላይ ቀረ። እሱን ነው በጣም የተንከባከብኩት። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። በላዩ ላስቲክ አለበስኩት። ባለቤቴ አይታ "ጋቢም ደርብለት" አለችኝ። እየሳቀች ነበር። እኔ ግን በእንክብካቤዬ ኮርቼ ነበር።

ዲሴምበር ላይ ሞቅ አለና በረዶው ቀለጠ፣ ዘነበም። ከዚያ መልሶ ቀዘቀዘ። ማንም ልብ ያላለው ይህን ነው። በላስቲኩ አናት የገባው ውሃ በርሜሉ ውስጥ ወረደ። ከሥር ያለው ቀዳዳ ደግሞ ቀድሞ በበረዶ ተደፍኗል። አፈሩ በውሃ እንደተሞላ ጠጣር በረዶ ሆነ።

ከዚያ ጃንዋሪ 30፣ 2019 መጣ። እዚህ የነበረ ሰው ያችን ቀን አይረሳትም። ሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ ላይ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ተለካ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ፖስታ እንኳ አልታደለም። እኔ በር ከፍቼ ስወጣ የአፍንጫዬ ፀጉር በአንድ ትንፋሽ ቀጥ ብሎ ሲቆም ተሰማኝ። የወጣሁት ቴርሞሜትር ለማየት ነው። ሽቦ ያላቸው ርካሽ ቴርሞሜትሮች በየበርሜሉ መሐል ሰክቼ ነበር። ሚስቴ ስለ አእምሮዬ የጠረጠረችው ያን ጠዋት ይመስለኛል።

በማግሥቱ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ የነበረው አፈር ከዜሮ በታች 4 አሳየ። የግድግዳው ከዜሮ በታች 9። በረንዳው ላይ ያለው፣ ብርድ ልብስ የለበሰው፣ ከዜሮ በታች 23። ደግሜ አየሁት። ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎኝ መታ መታ አደረግኩት። ከሰዓት ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። "ቆይ ልይልህ" ብለው ቡት አጥልቀው ወጡ። ትንሽ ቆይተው "አንድ ይላል፣ ከዜሮ በታች አንድ። ሞቆታል ባክህ" አሉኝ።

በዚያው ሰሞን በረንዳው ላይ የረሳሁት ጤና አዳም የነበረበት የሸክላ ዕቃ ለሁለት ተከፈለ። ውሃ ሲረጋ መጠኑ አንድ አሥረኛ በሚጠጋ ይጨምራል። ሸክላ ደግሞ አይለጠጥም። ግማሹ ወድቆ፣ አፈሩ የዕቃውን ቅርጽ እንደያዘ ለብቻው ቆሞ ነበር።

የብርድ ልብሱ ነገር ቆጨኝ። ሳስበው ግን መልሱ ቀላል ነው። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው ሰውየው ሙቀት ስላለው ነው። ድንጋይን ጋቢ ብታለብሰው ድንጋይ ነው። የተኛ ሆፕስ የራሱ ሙቀት የለውም። ልብሱ ብርዱን ለአንድ ሌሊት ያዘገየው ይሆናል። ብርዱ ግን አንድ ሌሊት አልቆየም። መሬት ላይ የተቀመጠው የግድግዳው በርሜል ከሥሩ የመሬት ሙቀት፣ ከጎኑም ከቤቱ ግድግዳ የሚሾልክ ሙቀት ነበረው። ቅጠሉ የያዘለት ያንን ነው። በረንዳው ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ከታችም ነፋስ ይገባል። ስለዚህ የጠቀለልኩት ባዶ ነገር ነበር።

ፌብሩዋሪ ደግሞ ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። በወሩ ውስጥ 99 ሴንቲ ሜትር በረዶ ወረደ፤ በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ፌብሩዋሪ የለም። እኛ አካፋ ይዘን ወገባችን ተቆረጠ። ለግድግዳው በርሜልና ለጋሼ ጓሮ ግን ሠርግ ነበር። በረዶ አየር የያዘ ጉዝጓዝ ነው። ከመንገዱ የጠረግኩትን ሁሉ የግድግዳው በርሜል ላይ ቆለልኩት፤ ጭራሽ ጠፋ።

ጋራዡ ውስጥ ያለው በረዶ አይደርሰውም። እሱን የሚያሰጋው ድርቀት ነው። የተኛ ተክልም ትንሽ ይጠማዋል፤ ሰው የጋራዡን ተክል በብርድ ሳይሆን በመርሳት ይገድለዋል። የእኔ ዘዴ በወር አንዴ አንድ አካፋ በረዶ አፈሩ ላይ ጣል ማድረግ ነበር። ሞቅ ሲል ራሱ ቀልጦ ይጠጣል። ብዙ ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የራሴን ሌላ ጥፋት ልናገር። ከሆፕሱ ጎን ሁለት የጌሾ ችግኝ ነበረኝ። እዚሁ ከተማ ያለች ወዳጃችን ናት የሰጠችኝ። አንዱን ሳሎን መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ሌላውን "ሆፕስ የቻለውን ጌሾ ምን ያቅተዋል" ብዬ ጋራዥ አስገባሁት። ዲሴምበር ሳያልቅ ቅጠሉ ጠቆረ። ጃንዋሪ ላይ ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው አረንጓዴ የሚባል ነገር አልነበረውም። ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። "አንተ ልጅ፣ ጌሾ ቅጠሉን ሲያራግፍ አይተህ ታውቃለህ? ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ አይደል እንዴ!"

የዕፅዋት ትምህርት አልተማረችም፤ ግን ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ጌሾ ከእኛ ደጋና ወይና ደጋ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ቀላል ውርጭ ይችላል። ነገር ግን ቅጠሉን ይዞ ነው የሚከርመው፤ ንብረቱ ሁሉ ከመሬት በላይ ነው። ሆፕስ ንብረቱን ቀብሮ ይተኛል። ሁለቱም አንድ ሥራ ስለሚሠሩልን አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው ብዬ ማሰቤ የእኔ ሞኝነት ነው። የሳሎኑ ጌሾ ግማሽ ቅጠሉን አራግፎ፣ ደረቁ የማሞቂያ አየር ባመጣው ጥቃቅን ተባይ ተበልቶ፣ እንደ ምንም ማርች ደረሰ።

ማርች መጨረሻ ላይ የጋራዡ ሆፕስ ነቃ። ችኩሉ እሱ ነው። ጋራዡ ከውጭው ቀድሞ ስለሚሞቅ ፀደይ የመጣ መሰለው። ብርሃን የለም፤ ስለዚህ ቡቃያው ነጭ ሆኖ፣ እንደ ባቄላ ብቅል ተጎንብሶ ወጣ። ደስ ብሎኝ ወደ ውጭ አወጣሁት። ኤፕሪል 10 ላይ ከባድ የበረዶ ማዕበል መጣና ቡቃያውን ሁሉ አቃጠለው። ልቤ ቁርጥ አለ። ግን የማያስደነግጥ ነገር ነበር። ሆፕስ አምራቾች የመጀመሪያውን ቡቃያ ራሳቸው ይቆርጡታል፤ ሁለተኛው የተሻለ ነውና። ቤልጂየም ውስጥማ ይህ ቡቃያ በውድ የሚሸጥ አትክልት ነው። እኔም በሚቀጥለው ዓመት የቆረጥኩትን በቅቤ ጠብሼ ከእንቁላል ጋር በላሁት። ከፎሶልያ ብዙም አይርቅም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ግን አልበላውም።

የጋሼው ሜይ መጀመሪያ ላይ ስምንት ቡቃያ በአንድ ጊዜ አወጣ፤ ከአራቱም እሱ ነው ያማረበት። የግድግዳው ሦስት ብቻ አወጣ። ሦስቱም በግድግዳው በኩል። በጓሮው በኩል ያለውን አፈር ቆፈር ሳደርግ የበርሜሉን ጎን የነካው ሥር ሁሉ ጠቁሮ ነበር። የበረንዳውን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። በዚያ የበሰበሰ ሥር መሐል፣ ልክ እምብርቱ ላይ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ነጭ ቦታ አገኘሁ። በቢላ ስቆርጣት ቀሸ አለች፤ እንደ ትኩስ ዝንጅብል። ብርዱ ከጎን ወደ መሐል እየበላ መጥቶ መጨረሻዋን ሳይጨርስ ነው የቆመው። በሌላ አፈር ተከልኳት። አልበቀለችም፤ ብስባሹ ቀድሞ ደርሶባታል።

ስለዚህ "በዕቃ ያለ ሆፕስ ዊንተርን ይተርፋል ወይ?" ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ዕቃው የት እንዳለ ነው። የከተማው ብርድ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ዕቃው መሬት ይነካል? ጎኑ በምን ተሸፍኗል? ውሃው መውጫ አለው? እንደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ባለ አገር 75 ሊትር በርሜል መሬት ላይ ተቀምጦ ጉዝጓዝ ከለበሰ ብዙ አያሳስበኝም። ሚኒሶታ ውስጥ ግን በረንዳ ላይ መተው ገንዘብ መጣል ነው።

"ታዲያ ለምን ቤት ውስጥ አታስገባውም?" የሚለኝም አለ። ሆፕስ ብርድ ካላየ አያብብም የሚባል የቆየ ነገር ነበር። በ2019 የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ብርዱ ግዴታ እንዳልሆነ አሳየ፤ አበባውን የሚወስነው የብርሃኑ ሰዓት ነው። ቢሆንም ሳሎን ውስጥ በዲሴምበር ያለው ብርሃን ለሆፕስ ምንም አይደለም። ሙቀት አግኝቶ ብርሃን ካጣ ስንቁን በከንቱ ይጨርሳል። መተኛቱ ይሻለዋል።

እናቴም በዚሁ ጉዳይ ጥሩ ጥያቄ ጠይቃኛለች። "እዚህ እንዲያ ያለ ብርድ የለ። ላክልኝና ልትከለው።" ላስረዳት ሞከርኩ። ሴንት ፖል በጁን ቀኑ 15 ሰዓት ተኩል ይረዝማል። ደብረ ማርቆስ ዓመቱን ሙሉ 13 ሰዓት አይሞላም። ሆፕስ ያንን ረጅም ቀን ካላገኘ ሐረጉ ሳይረዝም በአጭሩ ይቀራል፣ አበባውም አይረባም። የቢራ ፋብሪካዎቻችን ሆፕስ ከውጭ የሚያስመጡትም አገራችን ብርድ ስላጣች አይደለም። ደቡብ አፍሪካ እንኳ፣ ጆርጅ በሚባለው አካባቢ፣ እርሻው ላይ መብራት እያበሩ ነው ቀኑን ያስረዘሙት። እናቴ አዳምጣ ስትጨርስ "በል እዚያው ይሁን፣ እኛ ጌሾ አለን" አለች።

ሁለተኛውን ዊንተር፣ የ2019ን መጨረሻ፣ በሦስት በርሜል ጀመርኩ። ሦስቱንም ኖቬምበር ላይ ጋሼ ጓሮ ቀበርናቸው። ከመቀበራቸው በፊት ቀዳዳቸውን በብረት ዘንግ ከፈትኩ፣ ከሥራቸውም ጠጠር አነጠፍን። ከላይ አንድ ክንድ ቅጠል። ላስቲክ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም። ሦስቱም ወጡ። ማውጣቱ ግን ቀልድ አይደለም፤ 75 ሊትር እርጥብ አፈር ሁለት ሰው ያላብሳል። ጋሼ ወገባቸውን ይዘው "የሚቀጥለው ዓመት ያው እዚሁ ቢቀሩስ?" አሉኝ። ነገሩ ገባኝ። አሁን ሁለቱ እሳቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት፣ አበባውን እንካፈላለን።

አበባው ኦገስት መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ሲጫኑት እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸና ጣት ላይ ቢጫ ከቀረ ጊዜው ነው። ጠጅ ላይ ሞክሬዋለሁ። እዚህ አገር ለማር ወይን የወጣው ደንብ ራሱ ሆፕስ ይፈቅዳል፤ ለ1,000 ፓውንድ ማር ከ1 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። ያ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ጠጄ ላይ በብዙ አልፌው ሳሙና የመሰለ ነገር ጠጣሁ። ጌሾ የእንጨት ምሬት አለው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሆፕስ ይጮኻል። ውሻ ያላችሁ ደግሞ ዝቃጩን ጓሮ አትድፉ፤ ውሻ ከበላው ሰውነቱ ግሎ ሊሞት ይችላል።

የበረንዳው በርሜል አሁን የሳሎኑ ጌሾ ቤት ሆኗል። ጎማ ያለው ጣውላ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ኦክቶበር ሲገባ፣ የመጀመሪያው ውርጭ ከመምጣቱ በፊት፣ እየገፋሁ ወደ ሳሎን አስገባዋለሁ። ባለቤቴ ሶፋው የት እንደሚሄድ በየዓመቱ ትጠይቀኛለች።